አንድ እግር ፍለጋ፦ ከዲላ ተነስቶ አባያን መዞር

ከመካከላችን አንዱ ዲላ ተወልዶ ያደገ ነው። የእሱ አጎት ቤት፣ አልጋ ስር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አንድ እግር አለ። አትደንግጡ፣ ሰው ሰራሽ ነው። ቀለሙ የፈረንጅም የሐበሻም ያልሆነ፣ ጉልበቱ ላይ ብሎን ያለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ግራ ሸራ ጫማ የተጫማ እግር። ከዚያ ቤት ቡና ስንጠጣ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ጠይቀን የማናውቀው ግን «ለምን አልጋ ስር ሆነ?» የሚለውን ነበር። ይህ ጽሁፍ የተጻፈው አንድ ቀን ስለጠየቅን ነው። (ዓመታቱን «እ.ኤ.አ.» ካላልናችሁ በእኛው አቆጣጠር አንብቡልን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በ2003 ዓ.ም. ቡናቸው ላይ ጥላ ያበዛባቸውን ዋንዛ ሊመለምሉ ወጡና ወደቁ። ቅልጥማቸው ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ፣ ቤት ድረስ መጣ፣ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። በአራተኛው ቀን ጣቶቻቸው ጠቆሩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፣ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ቁስሉ ሲድን «ሰው ሰራሽ እግር አርባ ምንጭ ይሠራል» ተባሉ።

ካርታ አውጥታችሁ እዩ። ዲላ ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ አርባ ምንጭ ከሐይቁ በስተምዕራብ ናቸው። አሞራ ቢሆኑ ኖሮ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ በረራ ነው። ጋሼ ግን አሞራ አይደሉም፣ አንድ እግር ያላቸው የቡና ገበሬ ናቸው። በአውቶቡስ ዲላ፣ ሀዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፤ ሐይቁን ዙሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለዚያውም ከደጋፊ ሰው ጋር፣ ሁለት ትኬት፣ የአልጋ፣ የምግብ። ለዚህ በሬ ተሸጠ። እግሩ ተሠራላቸው፣ መራመድ ተለማመዱ፣ ተመለሱ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቤተክርስቲያንም ገበያም ሄዱበት። ከዚያ እንደ ማንኛውም የተቆረጠ እግር የእሳቸውም ሥጋው እየመነመነ ሄደ፣ ማቀፊያው ሰፋ፣ ቆዳውን እየፋቀ ያቆስላቸው ጀመር። መስተካከል ነበረበት። ለማስተካከል ደግሞ አባያን እንደገና መዞር። ሁለተኛ በሬ አልነበረም። እግሩ አልጋ ስር ገባ፣ ጋሼ አናጺ በሠራላቸው የእንጨት ክራንች ቀሩ።

አሁን ጥያቄያችን ይህ ነው። ጋሼ የሆነ መዝገብ ላይ «ሰው ሰራሽ እግር ያገኘ» ተብለው በአንድ ቁጥር ተይዘዋል፣ ውሸትም አይደለም። አልጋ ስር ያለውን እግር የሚቆጥረው ግን ማነው?

ይህን የሚጠይቅ የሙያ ዘርፍ አለ። የጤና አገልግሎት ምርምር ይባላል። መድኃኒቱ ይሠራል ወይ ብሎ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሰልቺ የሚመስሉ ጥያቄዎች ነው፦ ማን ደረሰው? ማን ሳይደርሰው ቀረ? ምን ያህል አስከፈለው? ከስድስት ወር በኋላስ እየተጠቀመበት ነው? ሜዲካል ተሃድሶ ላይ ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች ከሁሉም በላይ ወሳኝ ናቸው፣ ምክንያቱም ተሃድሶ እንደ ክትባት በአንድ ቀን ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። (ተሃድሶ ስንል የ1993ቱንም፣ «ጥልቅ» የተባለውን የ2009ኙንም አይደለም። ግምገማ የለበትም። የተጎዳ አካል ተመልሶ እንዲሠራ፣ መመለስ ካልቻለ ደግሞ ሰውየው ኑሮውን እንዲኖር የሚደረገውን ሁሉ ነው።)

ታሪካችንን ስንመረምር የገረመን፣ በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያ ባዶ አለመሆኗ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሥራ ዓለም የተማረበት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ከወጌሻው እንጀምር። በኳስ ሜዳ የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ የእኛ ኮሜንታተሮች «ወጌሻው ገባ» ነው የሚሉት። ቃሉ ከነክብሩ ዘልቋል። ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ ያስራል፣ ያሻል። ሐኪሞቻችን ደግሞ በጥብቅ የታሰረ ስብራት ደም እያጣ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ ደጋግመው ጽፈዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ከተሜ ሆነን «ኋላቀርነት» ብለን ለማለፍ ይቀለናል። ግን ጋሼ ያንን ቀን ምን ነበራቸው? ወጌሻው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቋንቋቸውን ያውቃል፣ ክፍያውን ቡና ሲሸጥ ይቀበላል። ሐኪም ቤቱ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ሰው ወጌሻ የሚመርጠው ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቅም ነው።

ዘመናዊው ተሃድሶ ወደ ሀገራችን የገባው በሥጋ ደዌ በር ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በልዕልቲቱ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረበት ቦታ፣ በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. አለርት ተመሠረተ። ስሙ ሲተነተን የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ፣ የተሃድሶና የሥልጠና ማዕከል ማለት ነው። ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት አንዱ በህንድ ቬሎር ሲሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የብራንድ ትልቁ ትምህርት ዛሬ ቀላል ይመስላል። የሥጋ ደዌ ታማሚ ጣት በራሱ በስብሶ አይወድቅም። በሽታው ነርቭ ይገድላል፣ ሰውየው ሕመም አይሰማውም፣ እሳት ሲያቃጥለው፣ ሚስማር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው ሳያውቅ ይረግጥበታል። ስለዚህ እጅና እግሩ የሚድነው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና፣ በልምምድ፣ በየቀኑ እግርን አገላብጦ በማየት እና በጫማ ነው።

በጫማ! እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የወደድነው የጫማውን ነው።

ስሜት ለሌለው እግር የሚሠራው ልዩ ጫማ ለስላሳ ውስጠኛ ሶል ያለው፣ በልክ የሚሰፋ፣ ጥሩ ጫማ ነው። አንድ ሰበብ ብቻ አለበት፣ ከሩቅ ይታወቃል። ያንን ጫማ ያደረገ ሰው ገበያ ሲገባ ሁሉም ሰው ምን እንዳለበት ያውቃል። ሥጋ ደዌ ደግሞ በእኛ ሀገር ምን ዓይነት ስድብ እንዳለው አንነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የአለርት ሰዎች ግርማ ሰቦቃ እና ፖል ሳውንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ወደ ገበያው አወረደው። ማንኛውም ሰው ከገበያ የሚገዛው ሸራ ጫማ ቢሆንስ? ርካሽ ነው፣ በየገበያው ይገኛል፣ ማንም ያደርገዋል። ቶሎ ያልቃል፣ ልክ ነው። ግን ሰዎች አደረጉት፣ ቁስላቸውንም ረዳ፣ ወጪውም ትንሽ ነበር። እኛ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ያደረግነው፣ በነጭ ኖራ የቀባነው ሸራ ጫማ የሕክምና ምርምር ሆኖ መጽሔት ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምርጡ ጫማ ቤት ከተቀመጠ ምርጥ አይደለም። አልጋ ስር ያለውን የጋሼን እግር አስታውሱ።

አለርት በዚያው ዘመን ሌላም ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 594 አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን መዝግቦ መድኃኒታቸውን ከጨረሱ በኋላም ለዓመታት ተከታተለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና በሽታው ሲታወቅ ጀምሮ የሆነ የአካል ጉዳት ነበራቸው። ማለትም ባክቴሪያውን መግደል ብቻውን አልበቃም፣ ሰዎቹ ዘግይተው ነበር የመጡት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ደግሞ ታማሚዎቹ ራሳቸው በየወረዳው ተሰባስበው እግራቸውን የሚያጥቡበት፣ የሚቀቡበት፣ የሚማከሩበት የራስ እንክብካቤ ቡድን ማቋቋም ተጀመረ። እድር በሉት። እንደ እድሩ ሁሉ ጥቅሙ ከቁስል አልፎ ሰው ፊት ለመቀመጥ እስከመድፈር ሄዷል።

መንግሥትስ? እ.ኤ.አ. በ1971 ንጉሠ ነገሥቱ በትዕዛዝ ቁጥር 70 ለአካል ጉዳተኞች የማቋቋሚያ ድርጅት አቆሙ። የትዕዛዙ ትርጓሜ ራሱ ታሪክ ነው። አካል ጉዳተኛ ማለት በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት ሠርቶ መብላት ያቃተው እና ረዳት የሌለው ሰው ነበር። በልጅነት ወይም በእርጅና ሠርቶ መብላት ያልቻለውም በዚሁ ውስጥ ተደምሮ ነበር። ልብ በሉ፣ የሚረዳው ዘመድ ያለው ሰው በዚህ ሕግ ዓይን አካል ጉዳተኛ አልነበረም። ጋሼ ወንድም አላቸው፣ ስለዚህ በዚያ ሕግ ሚዛን ሁለት እግር አላቸው ማለት ነው። ሕጉ የሚያየው እግሩን ሳይሆን ልመናውን ነበር።

ደርግ ሲመጣ ጦርነት መጣ፣ ጦርነት ሲመጣ የተቆረጠ እግር በሺህ መጣ። ለጦር ጉዳተኞች ጀግኖች አምባ ተቋቋመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም ከፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ከተራ ፕላስቲክ፣ ርካሽና ጠንካራ እግር የመሥራት ዘዴውን ይዞ በሀገሪቱ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፣ አዲስ አበባም የሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆና ነበር። አርባ ምንጭን ጨምሮ መቀሌ፣ ደሴ፣ ባህር ዳር፣ አሰላና ሐረር ላይ የአካል ድጋፍ ማዕከሎች ተተከሉ። ጥቂት ማዕከል፣ ሰፊ ሀገር። ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር የተጀመረውም ገና በ1990ዎቹ ጎንደር ላይ ነው። እኛ ፊደል ስንቆጥር፣ ሀገሪቱ በዲግሪ ያሠለጠነችው አንድም የሀገር ቤት ፊዚዮቴራፒስት አልነበራትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ። ቆጠራ ሲባል እንቅልፍ የሚመጣባችሁ ካላችሁ ቡና ጠጡ፣ ይርጋጨፌ ቢሆን ይመረጣል።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 53 ሚሊዮን ተኩል ከሚሆነው ሕዝብ 991,916 አካል ጉዳተኛ ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ 73.75 ሚሊዮን ደረሰ፣ አካል ጉዳተኛው ግን 805,492 ሆነ፣ 1.09 በመቶ። ሕዝቡ በ20 ሚሊዮን ሲጨምር አካል ጉዳተኛው በ186 ሺህ ቀነሰ! በመሀሉ የኤርትራ ጦርነት አልፏል፣ መኪና በዝቷል፣ ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ጀምሯል። ታዲያ እነዚያ 186 ሺህ ሰዎች የት ገቡ? ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባካሄዱት ጥናት 2.95 በመቶ አግኝተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። ከ1.09 እስከ 17.6! በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዘመን።

ልዩነቱ ከጥያቄው ነው። አንድ ቆጣሪ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ቢል ማን «አዎ» ይላል? እናት ልጇን ታስገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። አሮጊቷም ዓይናቸው ቢፈዝ «እርጅና ነው» እንጂ ጉዳት አይሉትም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በዓለም ዙሪያ የተለመዱት ስድስቱ የዋሽንግተን ግሩፕ ጥያቄዎች ይህን ቃል ጨርሶ አያነሱም። ለማየት ትቸገራለህ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? እያሉ ነው የሚሄዱት። ቆጠራውስ? አራተኛው ቆጠራ ተራዝሞ ተራዝሞ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ስለዚህ መንግሥት ከቆጠራ የሚያገኘው የመጨረሻ ቁጥር አሁንም ያ 1.09 ነው። ጋሼ በ2003 ነው የወደቁት፣ በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ የሉም።

ቤት ለቤት ሄዶ በትክክል መቁጠር እንደሚቻል ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ታይቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ፣ የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥነው 60,820 ሰው ያለበትን ገጠር በር እያንኳኩ መረመሩ። የሚጥል በሽታ 316 ሰው ላይ ተገኘ። ከእነሱ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ካሰላችሁት አምስት ሰው ነው። በፖሊዮ ሽባ የሆኑት ከመቶ ሺህ 240 ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ሐኪም ቤት ተቀምጦ ለሚጠብቅ ተመራማሪ በፍጹም አይታየውም ነበር። ፕሮፌሰሩ በኋላ እዚያው ቡታጅራ ግራርቤት ተሃድሶ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ቆጥሮ መሄድ አላስቻላቸውም መሰለን።

ከዲላ ወደ ሀዋሳ ስትሄዱ አፖስቶ ላይ ወደ ይርጋለም የሚገነጠል መንገድ አለ። እዚያ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ቅርንጫፍ አለ፣ ከጌዴኦም ሴቶች ይመጡበታል። ስለ ፊስቱላ ስናወራ ሁላችንም ሽንት መፍሰሱን ነው የምናውቀው። ቀናት የፈጀ ምጥ ግን የእግር ነርቭንም ይጎዳል፣ አንዳንዷ ሴት እግሯን እየጎተተች ወይም ጨርሶ መራመድ ሳትችል ትመጣለች። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው በ1974 ሆስፒታላቸውን ሲያቋቁሙ ያስተዋሉት ይህንንም ጭምር ነው። ቀዳዳውን መስፋት አንድ ነገር ነው፣ ሴትየዋ ተነስታ እንድትሄድ ማድረግ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ኑሮዋ እንድትመለስ ማድረግ። ለዚያም ነው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተሠራው።

እዚህ ላይ ጌዴኦን የማያውቅ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ይወቅልን። ጌዴኦ ዳገት ነው። ቡና ከሥር፣ እንሰት ከላዩ፣ ከሁሉም በላይ ትልልቅ ዛፍ። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ገጽታ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በ1999 ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ። ለቱሪስት ገነት ነው። ለዊልቸር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ መንገዱ የአንድ ሰው ስፋት። ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ ቁጭ ብለው ግንዱን በእንጨቱ ላይ በእግራቸው ይዘው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው መለኪያ ጉዳት የሚለካው ሰው ምን እንደጎደለው ብቻ ሳይሆን በኖረበት ቦታ ምን መሥራት እንዳቃተው ነው። እንግዲህ የጌዴኦ ሴት እግር መዳን አለመዳኑ የሚለካው «አሥር ሜትር በስንት ሰከንድ ሄድሽ?» በሚል አይደለም። «እንሰት ትፍቂያለሽ?» በሚል ነው። ይህን ጥያቄ ማን በመጠይቅ ላይ አስገባው?

የቆላ አንባቢ ከሆናችሁ ዝሆኔን ላታውቁት ትችላላችሁ። ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ብዙ ዝናብ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር፣ እና ባዶ እግር። እነዚህ አራቱ ሲገናኙ ከአፈሩ የሚገባ ደቃቅ ማዕድን በዓመታት ውስጥ እግርን ያሳብጣል። ይህን በሽታ ከትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ ለይቶ ያጠናውና ስም ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ ነው። እሱም አለርት የሠራ ሐኪም ነበር። እነ ከበደ ደሪቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሀገሪቱን በሙሉ ሲያካልሉ በ659 ወረዳዎች፣ በ1,315 ቀበሌዎች ወደ 130 ሺህ ሰው ታየ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው 4 በመቶ ታሟል። ያኔ ጌዴኦን ይዞ በነበረው የደቡብ ክልል ግን 8.3 በመቶ። እጥፍ! መድኃኒቱ ምን መሰላችሁ? ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ በ696 ሰዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይህ እንክብካቤ ሰው አልጋ የሚያስይዘውን የእግር ትኩሳትና ቁጣ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ አምስተኛ ተአምር አይደለም፣ እንክብካቤ ያገኙትም በዓመት በአማካይ ከ19 ጊዜ በላይ ይነሳባቸው ነበር። ቢሆንም በሳሙና የተገኘ ነው።

ታዲያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ሲመደቡ፣ 16 ጥቅሎች ነበሩት። መፀዳጃ ቤት አለበት፣ ክትባት አለበት፣ ወባ አለበት። ተሃድሶ የሚባል ጥቅል አልነበረበትም። ጋሼ ቤት የምትመጣዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ስለ አጎበሩ ጠይቃለች፣ ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቃለች። ስለ እግሩ እንድትጠይቅ የተሰጣት ቅጽ አልነበረም።

ስለ ጌዴኦ ራሱ ምን ተጠንቷል? ስንፈልግ ያገኘነው ደስም አሳዘነንም። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተመራማሪዎች ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ወናጎ ወረዳ፣ ሦስት ገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ከ700 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ቤታቸው ድረስ እየተመላለሱ ተከታትለዋል። ያገኙት፣ የሚታመሙት ብዙዎች፣ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት ጥቂቶች፣ ከሄዱትም ወጪው ቤታቸውን ያናጋባቸው መኖራቸውን ነው። ተሃድሶ አይደለም፣ የእናቶች ጤና ነው። ግን መንገዱ ያው ነው፣ የጋሼ በሬ የተሸጠበት መንገድ። ወናጎ ላይ ነፍሰ ጡር ሴትን እንዲህ መከታተል ከተቻለ፣ እግር የተሠራለትን ሰው መከታተል የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚያ 2010 መጣ። በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ያን ዓመት ከዓለም ሀገሮች ሁሉ በግጭት ብዙ አዲስ ተፈናቃይ የተመዘገበው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ፎቅ ሁሉ ሰው ሞላው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማግሥቱ ዓመት ተፈናቃዮቹን አነጋግረው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት አገኙ። ይህን ስናነብ አንድ ነገር አሰብን። ሲሸሹ ክራንቹን የጣለ ሰው ስንት ነው? እግሩን አልጋ ስር ትቶ የሸሸ? ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና ዘይት በኩንታልና በሊትር ተቆጥሯል። ክራንች ስንት እንዳስፈለገ የሚል ቁጥር እኛ አልገጠመንም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2019ን መረጃ ይዞ የተሠራ ስሌት በዓለም ላይ ተሃድሶ ቢያገኝ የሚጠቀም ሰው 2.4 ቢሊዮን ነው ይላል፣ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2015 ዓ.ም. ተሃድሶ ከጤና ሥርዓቱ ውስጥ እንዲገባ ውሳኔ አሳልፏል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው፣ ጋሼ ከዛፉ ከመውደቃቸው አንድ ዓመት ቀድሞ። ወረቀቱ ሁልጊዜ ከሰውየው ይቀድማል፣ ክፋት የለውም፣ ብቻ ይጠብቀው።

በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላና አርባ ምንጭ አንድ ክልል ሆነው ቀጠሉ፣ ሁለቱም ከክልሉ ማዕከላት ውስጥ ናቸው። ለጋሼ ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ሐይቁ ተነሳ?» አሉን።

ባለፈው ለፋሲካ ዲላ ሄደን ያንን እግር ከአልጋ ስር አወጣነው። አቧራውን ጠረግን፣ ብሎኑን በዘይት አሸን። ጋሼ ማቀፊያው ውስጥ ያረጀ ካልሲ ሁለት ደርበው ሞከሩት፣ ከአልጋው እስከ በሩ ሄዱ፣ ተመልሰው ቁጭ አሉና አወለቁት። «ቢስተካከል ጥሩ ነበር» አሉ። የአውቶቡሱን ታሪፍ ጠየቁን። ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ ከአራት ቀን አልጋ ጋር ደመርንላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ እግሩንም በከረጢቱ መልሰው ጠቀለሉት።